ባምቢኖ ወይስ ጂኤምቲ፦ ከሶማሌ ተራ የሁለት ሰዓቶች ግምገማ

ሁለት የእጅ ሰዓት አለኝ። አንዱ ኦሪየንት ባምቢኖ ነው፤ ክሬም ፊት፣ የሮማ ቁጥር፣ የቆዳ ማሰሪያ። ሌላው ሴኮ ፋይቭ ስፖርትስ ጂኤምቲ ነው፤ ሰማያዊ ፊት፣ 24 ሰዓት የተከፋፈለበት የሚዞር ቀለበት፣ የብረት ማሰሪያ። የመጀመሪያው አያቶቻችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶ አድርገውት የምናየውን ሰዓት እንዲመስል የተሠራ ነው። ሁለተኛው ሻንጣ ለሚጎትት ሰው ነው። ሁለቱም የጃፓን ናቸው፤ ሁለቱም አውቶማቲክ፣ ባትሪ የሚባል ነገር አያውቁም። እኔ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሸጬ የማድር ሰው ነኝ፤ ኩሽኔታና ፍሬን ሸራ ከጓንዡ፣ የቀረውን ከዱባይ አስመጣለሁ። የሰዓት ባለሙያ አይደለሁም። ግን ሁለቱንም በሥራ፣ በሰርግ፣ በለቅሶና በመንገድ አድርጌያቸዋለሁ፤ የታየኝን ልጻፍ።

ቁርጡን አስቀድሜ ልናገር፤ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ጂኤምቲውን ነው የምይዘው። ምክንያቴ ግን ብዙ ሰው የሚያስበው ጥንካሬው አይደለም።

ጂኤምቲ የሚባለው ሰዓት ከሰዓት፣ ከደቂቃና ከሰከንድ ቆጣሪ በተጨማሪ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር አራተኛ ቆጣሪ አለው። ሥራው የሌላ ሀገር ሰዓት ማሳየት ነው። ዝነኛ ያደረገው ሮሌክስ ነው፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለፓን አሜሪካን አየር መንገድ አብራሪዎች ብሎ ባወጣው ሰዓት። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ አውቶማቲክ ጂኤምቲ ማለት የባለጸጋ ዕቃ ማለት ነበር። ሴኮ በ2022 እ.ኤ.አ. ይህን ባለ 4አር34 ሞተር ሰዓት በ475 ዶላር ሲያወጣ ነው እንደ እኔ ያለው ነጋዴም ቀና ብሎ ያየው።

ታዲያ ፈረንጆቹ ገምጋሚዎች በዚህ ሰዓት ላይ አንድ የማይለቁት ነቀፋ አላቸው። ጂኤምቲ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዋናው የሰዓት ቆጣሪ ብቻውን እየዘለለ ወደ ደረስክበት ሀገር ሰዓት ይቀየራል፣ አራተኛው ቤትህን ይዞ ይቀራል። በሌላኛው ደግሞ ዋናው አይንቀሳቀስም፤ የሚዘለው አራተኛው ነው። የሴኮው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ስለዚህ "ይህ ቢሮው ቁጭ ብሎ ውጭ ሀገር ስልክ ለሚደውል እንጂ ለእውነተኛ ተጓዥ አይሆንም" ይላሉ። ለነሱ ልክ ነው። ለእኛ ግን ነቀፋው ምርቃት ነው።

የኛ ሰው ሁለት ሰዓት በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚኖረው። ከጎረቤቱና ከደንበኛው ጋር በሀበሻ ሰዓት፣ ከአውሮፕላን ቲኬትና ከባንክ ወረቀት ጋር በፈረንጅ ሰዓት። ስድስት መደመርና መቀነስ አብሮን ያደገ ሂሳብ ነው፤ ሦስተኛ ሀገር ሲጨመርበት ግን፣ በተለይ እንቅልፍ በጎደለው ራስ፣ ይምታታል። እኔ ዋናውን ቆጣሪ በሀበሻ ሰዓት፣ አራተኛውን በፈረንጅ ሰዓት ሞላሁት። አዲስ አበባ ስሆን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አራተኛው 7ን ያሳያል፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ 19ን። ቲኬቱ 22:50 ካለ አራተኛውን አያለሁ፣ ሹፌሩን ስቀጥር ዋናውን።

ዱባይ ስደርስ መሙያውን ግማሽ ሳብ አድርጌ አራተኛውን አንድ ሰዓት አዘልለዋለሁ። ጓንዡ ከሆነ አምስት። ሰከንዱ አይቆምም፣ ዋናው አይነካም፣ የሀበሻ ሰዓቴ እንደተሞላ ይኖራል። ጓንዡ ውስጥ ደላላው "አሥራ አራት ሰዓት ላይ እንገናኝ" ሲለኝ በአራተኛው እቀጥረዋለሁ፤ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ወጥተዋል ወይ ብዬ ለመደወል ዋናውን አያለሁ። ይህን ዋናው ቆጣሪ በሚዘልበት በውዱ ዓይነት ላሠራው ብል ሀገር በቀየርኩ ቁጥር የሀበሻ ሰዓቴ ይፈርስብኛል።

ሱቅ ስሆን ደግሞ ቀለበቱ አለ። አምስት ቁጥር ወደ ግራ ሳዞረው ያው አራተኛ ቆጣሪ የጓንዡን ሰዓት ያነብልኛል። ይህ ጌጥ አይደለም። ቻይናዎቹ 9:00 ላይ ቢሮ ሲከፍቱ እዚህ ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ 17:00 ብለው ሲዘጉ እኛ ገና ቀን 6 ሰዓት ላይ ነን። ጉዳይ ካለህ ከምሳ በፊት ካልደወልክ ለነገ አለፈ። ቻይናም ዱባይም እኛም በበጋና በክረምት ሰዓት የማንቀይር ሕዝቦች ስለሆንን ቁጥሩ ዓመቱን ሙሉ አይናወጥም። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ናት የምታስቸግረው፤ እነሱ በፈረንጆቹ ማርችና ኖቬምበር አንድ ሰዓት ስለሚያንቀሳቅሱ ልዩነታችን አንዴ 7 አንዴ 8 ይሆናል። እሷ ጋር ስደውል ሰዓቱን ትቼ መጀመሪያ "ተነሥተሻል?" ብዬ መልእክት እልካለሁ።

እንከኑን ደግሞ ልናገር። መሙያውን ወደ አንድ ወገን ስታዞረው አራተኛው ቆጣሪ ይዘላል፣ ወደ ሌላው ስታዞረው ቀኑ ይቀየራል። ስለዚህ ቆጣሪው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው፤ በአንደኛው ጉዞ አንድ ጊዜ ብቻ ትነካዋለህ፣ በመልሱ ግን ዙሪያውን ታስዞረዋለህ። ያናድዳል እንጂ አይጎዳም። የቀኑ ጉዳይ ግን ልብ ይፈልጋል። ዋናውን በሀበሻ ሰዓት ስትሞላ ቀኑ የሚቀየረው ፊቱ ላይ 12 ሲሆን ነው፤ ማለትም ንጋት 12 ሰዓት። የፈረንጁን ቀን ከሆነ የሞላኸው፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ድረስ ሰዓትህ የትናንቱን እያሳየ ያድራል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚነሣ በረራ ያለው ሰው ቀኑን ከሰዓቱ ላይ እንዳያነብ። አሞላሉን ስታሳስተው ደግሞ ማታ 12 ላይ ይቀይርብሃል፤ ያኔ ሰዓቱን አንድ ሙሉ ዙር ወደፊት ማስኬድ ነው። በዚህ አሞላል ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ቀኑን በመሙያው አለመንካት ይሻላል፤ የቀን መቀየሪያው ጥርስ የሚያያዝበት ጊዜ ስለሆነ ሊጎዳ ይችላል።

መጠኑ 42.5 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩን ሳነበው ለኔ ቀጭን እጅ በዛ ብዬ ነበር፤ ግን ከላይ ማሰሪያው መግቢያ እስከ ታች ያለው ርዝመት 46 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ከእጅ አይወጣም። መሙያው 3 ላይ ሳይሆን 4 ላይ ስለተቀመጠ ካርቶን ስታነሣ የእጅህን ጀርባ አይወጋም። ቀኑ ላይ ማጉያ መስታወት ተለጥፎበታል፤ ወጣቶች አስቀያሚ ነው ይሉታል፣ መነጽር የጀመረ ሰው ግን ይመርቀዋል። መብራት ሲጠፋ ቆጣሪዎቹ አረንጓዴ ያበራሉ። መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለአዲስ አበባ ሰው አላብራራም።

የውሃ መከላከያው 100 ሜትር ተብሏል፤ ለመዋኛ ይበቃል። መሙያው ግን እንደ ድሮው ኤስኬኤክስ፣ የሴኮ የጠላቂዎች ሰዓት፣ ተጠምዝዞ የሚታሰር አይደለም። መልኩን ከኤስኬኤክስ ወስደው ያንን መተዋቸው ቅር ያሰኛል፤ ጠልቀህ የምትሠራ ካልሆንክ ግን ችግር አይሆንብህም። ፋብሪካው ራሱ በቀን እስከ 45 ሰከንድ ሊቀድም፣ እስከ 35 ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል ብሎ ጽፎበታል። ሰከንድ የሚቆጥር ሰው የባትሪ ሰዓት ይግዛ።

አሁን ወደ ባምቢኖው።

መጀመሪያ የሚይዝህ መስታወቱ ነው። ጠፍጣፋ አይደለም፤ እንደ ጤዛ ጠብታ ወደ ላይ ያበጠ ነው። በጎን ስታየው የሮማ ቁጥሮቹ ዳር ዳር ላይ ይጎብጣሉ፣ ፊት ለፊት ስታየው ይስተካከላሉ። ድሮ ፕላስቲክ መስታወት የነበራቸው ሰዓቶች የነበራቸውን ያንን ነገር ነው የመለሱት። ፊቱ ላይ የሚጮህ ነገር የለም። ሽምግልና ስትሄድ፣ ለቅሶ ቤት ስትቀመጥ፣ እጅህን ስትዘረጋ ሰዓቱ ቀድሞህ አይናገርም። እኔ አንድ ጊዜ ጂኤምቲውን አድርጌ ለሽምግልና ልወጣ ስል ባለቤቴ በሩ ላይ አስቆመችኝ፤ "ልጅ ልትጠይቅ ነው ኮንቴይነር ልታስፈታ?" አለች። ልክ ነበረች። የሚያብለጨልጭ ሰንሰለትና የሚዞር ቀለበት ይዞ "እግራችንን ሳይሆን ልባችንን አንበርክከን መጣን" ማለት ትንሽ ይከብዳል።

ቀጭን ነው ብለው የሚያስቡ ግን አሉ፤ አይደለም። ስፋቱ 40.5 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ ከነመስታወቱ ወደ 12 የሚጠጋ ነው። ከጂኤምቲው 13.6 ጋር ስታስተያየው ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ነው፤ እጅጌ ውስጥ የሚገባው ግን ባምቢኖው ነው። የጠርዙ አወራረድ ለስላሳ ስለሆነ የሸሚዝ ጫፍ ተንሸራትቶ ያልፈዋል። በጂኤምቲው ላይ ያው ሸሚዝ ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ስትጎትት ትውላለህ። እጅህ ቀጭን ከሆነ ኋላ የወጣ ባለ 38 ሚሊሜትር ባምቢኖ አለ፤ እሱን ተመልከት።

ውሃ ላይ ደካማ ነው። 30 ሜትር የሚል ተጽፎበታል፤ 30 ሜትር ትጠልቅበታለህ ማለት ግን አይደለም። እጅ ስትታጠብ ፈንጠቅ ቢልበት፣ ጃን ሜዳ ጠበል ሲረጭ ቢያገኘው ምንም አይሆንም ማለት ነው። አንድ ሻጭ "ሻወር ውሰድበት" ብሎኝ ያውቃል፤ እንዳትሰሙት። ቆዳው ደግሞ ለቆላ አልተፈጠረም። ዱባይ በነሐሴ ከታክሲ ወርደህ ሕንጻ ውስጥ እስክትገባ ባለችው ርቀት ማሰሪያው በላብ ይርሳል፤ በማግስቱ ይደርቃል፣ ይሸታል፣ ይሰነጠቃል። ይህ የማንኛውም ቆዳ ጠባይ ነው። ጨለማ ውስጥም ምንም አያበራም፤ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ስልክህን ትፈልጋለህ፣ ስልኩን ካገኘህ ደግሞ ሰዓት ለምን አደረግህ።

ግን በባምቢኖው የማደርገው አንድ ነገር አለ፤ የትም አላየሁትም። ቀኑን በኛ አቆጣጠር ነው የምሞላው። ዋናው ቆጣሪም በሀበሻ ሰዓት ስለሆነ ቀኑ ንጋት 12 ላይ ይገለበጣል፤ ጂኤምቲው ላይ ችግር የነበረው እዚህ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው። ጠዋት ሸሚዜን ቆልፌ ሰዓቱን ሳይ መስኮቷ ውስጥ 12 ካለች ሚካኤል ነው፣ 19 ካለች ገብርኤል፣ 21 ማርያም። ደንበኛ ጨቅጭቆኝ እንኳ እጄን ሳይ ትንሽ እበርዳለሁ።

ዋጋ አለው። የሰዓቱ ቀን እስከ 31 ይቆጥራል፣ የኛ ወር ግን 30 ነው። የፈረንጁን ቀን የሞላ ሰው በዓመት አምስት ጊዜ ነው የሚያስተካክለው፤ እኔ 13 ጊዜ። አሥራ ሁለቱ ቀላል ናቸው፣ 31 ሲል አንድ ዘለል ማድረግ ነው። ጳጉሜን ናት ጉዷ። ጳጉሜን 5 አልፎ ሲነጋ ሰዓቱ 6 ይላል፤ መስከረም 1ን ለማግኘት 26 ጊዜ ታዘልለዋለህ። እሱንም ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ። የእንቁጣጣሽ ቡና ሲፈላ እኔ ጥግ ይዤ መሙያ ስጠመዝዝ ማየት ለቤቱ ሰው የበዓሉ አንዱ ክፍል ሆኗል።

አውቶማቲክ ሰዓት በእጅህ እንቅስቃሴ ነው የሚሞላው፤ ባምቢኖው ካወለቅኸው 40 ሰዓት ያህል ቆይቶ ይቆማል፣ ሴኮውም 41። ዓርብ ማታ ያወለቅኸው እሁድ ቀትር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ለሰርግ ብቻ የሚወጣ ባምቢኖ ማለት እንግዲህ በወጣ ቁጥር ሰዓትም ቀንም እንደ አዲስ የሚሞላ ሰዓት ነው፤ የኔ የቀን አሞላል በዚያ ላይ ትርጉም የለውም። ስለዚህ እኔ መንገድ በሌለኝ ወራት ባምቢኖውን በየቀኑ ነው የማደርገው፣ ሱቅ ውስጥም። ግሪስ በነካው እጅ የሚያምር ሰዓት ማድረግ ጎረቤቶቼን ያስቃቸዋል። ሌባ ይወስድብሃል የሚሉም አሉ፤ መርካቶ ውስጥ ሌባው የሚፈልገው ስልክ ነው፣ ሰዓትህን ዞር ብሎም አያይ።

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ይህንኑ ጥያቄ ይዞ መጥቶ ነበር። ባንክ ነው የሚሠራው፣ ጥር ላይ ሰርጉ ነው፣ ገንዘቡ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚበቃው። "ጋሼ፣ ጂኤምቲው ሁሉንም ይሠራል አይደል? ሰርጉም ላይ፣ ጫጉላም ላይ" አለኝ።

"ፓስፖርት አለህ?" አልኩት።

"አላወጣሁም።"

"እንግዲያው ባምቢኖ ግዛ።"

ቅር አለው፤ ጂኤምቲው ወንዳወንድ ስለሚመስል ዓይኑ እሱ ላይ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ከረባት አድርጎ መስኮት ላይ ለሚቀመጥ ልጅ፣ ላቡ ለማይወርድ፣ ከአዋሳ አልፎ ለማይሄድ፣ አራተኛ ቆጣሪ ምን ያደርግለታል? የሰርጉ ፎቶም አለ። ያበጠው መስታወትና የሮማ ቁጥሩ ከሠላሳ ዓመት በኋላም አያሳፍሩትም፤ ሰማያዊና ጥቁር ቀለበት ግን ዘመኑን ያስታውቃል። የሱ ጉዳይ ከኔ ጉዳይ ይለያል፤ እኔ የመረጥኩትን ለሱ አልመክርም።

"ድሮ ከሚመስል አዲስ ለምን እውነተኛውን የድሮ አልገዛም?" የሚል ካለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አባቱ የተወለት ካለው እሱን ያሠራ፣ ከሁለቱም ይበልጣል። ከገበያ የሚገዛ ከሆነ ግን ይጠንቀቅ፤ የድሮ ሴኮ ፋይቭ ተብለው ከሚዞሩት ብዙዎቹ ፊታቸው እንደገና ቀለም የተቀባ፣ ውስጣቸውም ከሌላ ሰዓት የተለቃቀመ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ የምናውቃቸው ሰዓት ሠሪዎችም ተበታትነዋል፤ አሮጌ ሰዓት ያለ ሰዓት ሠሪ ደግሞ ጣጣ ነው። የሁለቱ አዲስ ሰዓቶች አንዱ ጥቅም ሞተራቸው የተለመደ መሆኑ ነው፤ የሚያውቅ እጅ ያገኛሉ።

ዋጋቸውን በብር አልጽፍም፤ በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል። በዶላር ባምቢኖው ከጂኤምቲው ግማሽ አካባቢ ነው፣ ቅናሽ ሲገኝ ከዚያም በታች ይወርዳል። ውጭ ያለ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ሁለት ነገር ንገሩት። ባምቢኖው ውስጥ ያለው ሞተር ኤፍ 6724 መሆኑን ይጠይቅ። የቀድሞዎቹ ባምቢኖዎች በእጅ አይሞሉም፣ መሙያው ሲሳብም ሰከንዱ አይቆምም፤ ይህኛው ሁለቱንም ያደርጋል፣ እንደ እኔ ሰዓት ለሚያስተካክል ሰው ደግሞ ያለሱ አይሆንም። ሁለተኛው ማሰሪያው ነው። ባለ 40.5ቱ ባምቢኖ የሚቀበለው 21 ሚሊሜትር ነው፤ መርካቶን ብትዞሩ 20 እና 22 ነው የምታገኙት። ትርፍ ሁለት ቆዳ አብሮ ይግዛ፣ አንዱ ጥቁር ይሁን።